ስድስት እርምጃ

ከወንበሬ እስከ ሥዕሉ ስድስት እርምጃ ነው፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀን በቀን የማየው።
«እባክዎ አይንኩ» ይህችው ናት ሥራዬ፤
ሌላው ዝምታ ነው፣ ጉልበቴና ሻዬ።

በክፈፉ ግርጌ ናስ ላይ የተጻፈ፦
«ኢንገር ቶርፕ፣ ከዴንማርክ»፤ ዓመቱ የረገፈ።
«የዓሣ ገበያ፣ ካፊያ ሲያባራ፣ በማርሴይ ወደብ»፤
ያኔ ትራሙ በፈረስ፣ ጀልባው በሸራ ሲሳብ።

ቀርቦ ላየው ሁሉ የቀለም ጭቃ ነው፣
ሕፃን በአውራ ጣቱ ለክፎ የተወው።
ያ ነጭ ነጠብጣብ ዓሣ ነው ወይስ እጅ?
ያ ጥቁር ጭረትስ ውሻ ነው ወይስ ልጅ?
ስድስት እርምጃ ግን ወደ ኋላ ቢሉ
ይንጫጫል ገበያው፣ ይጋፋል በሙሉ፤
እርጥቡ ድንጋይ ላይ ሰማይ ተኝቶበታል፣
አንዱ መዳፉን ዘርግቶ ካፊያውን ይለካል፣
መርከበኛው ያዛጋል፣ መነኩሲት ቀሚሷን ሰብስባ ኩሬ ትዘላለች፣
አንዷ ሳንቲም ወድቆባት ድንጋይ ለድንጋይ ትዳብሳለች።

ይህን ወንበር ያወረሰኝ ሽማግሌው ቪክቶረን
ቁልፉን ሲያስረክበኝ አስረከበኝ ይህን፤
እናቱ በዚያ ገበያ የባሕር ጃርት ስትሸጥ
ሰምታው ነው፤ እኔም እንደሰማሁት ላውጣው፣ ሳልሸልም፣ ሳልለውጥ።

ሠዓሊዋ ረጅም ናት፣ ፊቷ በፀሐይ የተጠበሰ፣
ቃሏ ከ«ደህና ዋሉ» ወዲያ ፈቀቅ ያላለ፣ ያልደረሰ።
ሸራዋን ታቅፋ፣ ባርኔጣዋን በገመድ አሥራ፣
ነፋሱ ሲያንገላታት፣ ታንኳ ነች የሌላት መሪ ወይ ባንዲራ።
ሳቁባት ዓሣ ሻጮች። «ዓሣ አትገዛ፣ አትበላ፣
እንደ ዶሮ ስትጭር ትውላለች፣ ያለ ጥሬ፣ ያለ ጥላ።»

ከሁሉም ግን ዜልሚር፣ ምላሷ እንደ ቢላ፣
ሰርዲን ስትጣራ የምትሰማ ከመብራት ማማው ኋላ፣
አንድ ቀን እጇን እያበሰች መጥታ ሸራው ፊት ቆመች፤
ቅርፊት የተለጠፈበት ክንዷን ከወገቧ አኖረች፤
ፈለገች።
ፈለገች።
«የቱጋ ነኝ?» አለች።

ብሩሹ ጠቆመ፦ ከሥር ብርቱካን፣ ከላይ ሰማያዊ፣
ከጥፍር የማትበልጥ አንዲት ጠብታ።
«ፊቴስ?»
«ብርሃን ወሰደው» አለች ሠዓሊዋ በተሰባበረ ቃል፤
«ዝናብ ሲያቆም… ሮጠ። እኔ ቀርፋፋ። እሱ ይቀድማል።»

ገበያ ዝም አለች፣ ስድብ ልታጣጥም ጆሮዋን አቁማ፤
ዜልሚር ግን ጎንበስ አለች፣ አየችው ደግማ ደጋግማ።
«አፍንጫ የለኝም፤ ዓይንም። ይሁን። ግን ይቺ ትከሻ፣
ግራዋ ዝቅ ያለች፣ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ለቅርጫት የተሰጠች ድርሻ፣
የኔ ናት። ባሌ እንኳ አላያትም፣ እስኪሰምጥ፣ እስከ መጨረሻ።»

ከዚያ አራት ሰርዲን ጠቀለለችላት በአሮጌ ጋዜጣ፤
ሒሳቡን ግን አልማረችም። «ግማሹን ክፈዪ፤
ሥዕልሽ ሥዕል ነው፣ ንግዴም ንግድ ነው፣ የመጣው ይምጣ።»

ቪክቶረን ውሸት ይወድ ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣
ሻርክ በቡጢ ጣልኩ ያለ ሰው ነው፤ ማን ያምነዋልና?
ባለፈው ክረምት ግን ሥዕል የምታድስ ባለሙያ ከሊዮን መጥታ፣
አጉሊ መነጽሯን ከግራው ጥግ ላይ አሳርፋ፣ ቆይታ፣
«ይሄ ቀለም አይደለም» አለች። «ቅርፊት ነው። የዓሣ።»
ቀለሙ ሳይደርቅ ገብቶ የቀረ፣
የምስር ግማሽ የሚያህል፣ ግልጽ፣ የማይነሣ።
ተወችው። መዝገቧ ላይ ጻፈችና ሄደች።

እኔም፣ ልናገር እንግዲህ፣ ማንም በሌለበት ማክሰኞ ዕለት
«እባክዎ አይንኩ» አላልኩም ለራሴ። ነካሁት፣ በጣቴ ጫፍ፣ በቅጽበት።
ጣቴን አሸተትኩት። ምንም። አቧራ ብቻ።

ደወሉ ተደወለ። መብራቱን አጠፋሁ።
ደጅ ዝናቡ አባርቶ፣ ትራም ጣቢያው ጋ የቆሙት ሁሉ፣
ቢጫ፣ ግራጫ፣ አንድ ቀይ ቦርሳ፣
አስፋልቱ ላይ ተገልብጠው ይንሳፈፋሉ።
ፊታቸው አይለይም።
በሩ ላይ ቆምኩና
መዳፌን ዘረጋሁ፣ ካፊያው እንዳለቀ ለማወቅ።